በቁሜ የተቀበልኩት የቀብር ብር

ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ሰዎች ይህን ስታነቡ ማን እንደጻፈው ለማወቅ አትቸገሩም። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። የቀየርኩት ለሰዎቹ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ትክክለኛ ስማቸውን ደግሜ ልጽፍ እጄ ስላልታዘዘልኝ ነው። እኔንም አስካለ በሉኝ።

በዚያን ጊዜ ከአስፋልቱ ዳር ትንሽ አልጋ ቤት ነበረችኝ። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ያድሩባት ነበር። ባሌ በላይ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ አልወለድኩም። ከቀወት ገጠር ያመጣኋት የሟች እህቴ ልጅ ሰርካለም ግን ፊደል ሳትጨርስ ጀምሮ እኔው ቤት ነው ያደገችው። «እታለም» ትለኛለች። ከሾፌሮቹ ሌላ ብዙ ሰው የማይገባበት ቤት ነበር የኛ፤ እሷና እኔ ተስማምተን የምንኖርበት።

ስለ እድራችን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። ባሌ ሲሞት የእድሩ ድንኳን በሬ ላይ ተተከለ። በእኛ ደንብ ድንኳን ሦስት ቀን ይቆማል። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ለቅሶ ደራሽ ገና ከጀውሃና ከካራቆሬ እየመጣ ሳለ፣ ወጣቶች መጥተው ካስማውን መንቀል ጀመሩ። ለሰርግ ተከራይቷል ተባለ። ሰርጉ የእድራችን ዳኛ የጋሼ ታምሩ ዘመድ ሰርግ ነበር። እኔ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። የሮቢትን የሚያዝያ ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ጋሼ ታምሩን አንቱ እላቸዋለሁ። አንቱታው ለዕድሜያቸው ነው።

ከተዝካሩ በኋላ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ጠየቅሁ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ለሰርግ እየተከራየ ገንዘቡ የት ነው የሚገባው? መልስ የሰጠኝ አልነበረም። ደጋግሜ ጠየቅሁ፤ ጨቅጫቃ ተባልኩ። በመጨረሻ የኪራዩ ገንዘብ ከፍተኛ ትምህርት ለገቡ የአባላት ልጆች ድጋፍ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ሲወሰን ግን ጋሼ ታምሩ እንዳመጡት ሆኖ ተጨበጨበላቸው። ድጋፉ ከመስከረም እስከ ሰኔ በየወሩ ለሁሉም ተማሪ እኩል ይሰጣል፤ ክረምት ሲገባ ይቆማል፤ እስከ አራት ዓመት ይቀጥላል። ያኔ ማንም በክረምት የሚማር ልጅ ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ሰርካለም አሥራ ሁለተኛን ያጠናቀቀችው በጦርነቱ ምክንያት ዘግይታ ነው። መንግሥት ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ መደባት። ግቡ ሲባል መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት የመግቢያው ጊዜ አለፈ፤ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቷል ተባለች። ቤት ተቀምጣ የሾፌር አንሶላ ስታጥብ ከረመች። ከዚያ አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ደውላ፣

«እታለም፣ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ አለ» አለችኝ። «ክረምትም ያስተምራል። የአራቱን ዓመት በሦስት ይጨርሳሉ። የጠፋብኝን ጊዜ የምመልሰው በዚህ ብቻ ነው።»

«የግል መሆኑ ጥሩ ነው?»

«ዕውቅና አለው፤ አጣርቻለሁ። የመውጫ ፈተናውን እኛም እንደሌላው እንፈተናለን።»

አካውንቲንግ ገባች። የመጀመሪያውን ዓመት እድሩ እንደሌሎቹ ልጆች ሰጣት። የመጀመሪያውን ክረምት ከአልጋ ቤቱ ሸፈንኩላት። ሁለተኛው ክረምት ሲቃረብ ግን መንገዱ እንደገና ታመመ። መኪና አንድ ቀን ያልፋል፣ ሳምንት ይቆማል። አልጋዎቼ ባዶ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው የክረምቱን ክፍያ እስከ ማክሰኞ ያልከፈለ ከክፍሉ ይወጣል አለ። ከወጣች ደግሞ አብረዋት የጀመሩት ይቀድሟታል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቡድን እስኪደርስባት ድረስ ዓመት ቤት ትቀመጣለች። አንድ ዓመት አጥታ የተረፈች ልጅ ሌላ ዓመት ብታጣ ተመልሳ እንደማትሄድ አውቄዋለሁ። ከአንድ ሾፌር ጋር እያወራች ስትስቅ ሰምቻት ነበር። ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔም ያገባሁት በላይ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትምህርቴ ግን እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ገጠመኙ የሚጀምረው በዚያ ሳምንት እሑድ ነው።

የሰኔ ስብሰባ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሰው ሁሉ ድንኳንና ድስት በሚቀመጥበት የእድሩ ቆርቆሮ አዳራሽ ተሰበሰበ። ዝናቡ ሊመጣ እያለ የማይመጣበት፣ ሙቀቱ ከላይም ከታችም የሚፈላበት ቀን ነበር። ጋሼ ታምሩ ከፊት ተቀምጠዋል። ጸሐፊያችን መምህር ጌታሁን ከጎናቸው አለ፤ የተማረ፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው ነው። በሕይወቴ ያየሁት ጉዳት ሁሉ ሰው ማስቀየም በማይወዱ ሰዎች ዝምታ የተፈጸመ ነው። ከእኔ አጠገብ ብርቄ ተቀምጣለች። ብርቄ ግድግዳዬን የምትጋራ ጎረቤቴ ናት። በስንት ለቅሶ አብረን ወጥ ሠርተናል፤ በላይ ሲሞት ፀጉሬን ያበጠረችልኝ እሷ ናት።

የመጨረሻው ጉዳይ ሲደርስ ተነሣሁ።

«የሰርካለምን ጉዳይ ነው የማነሣው» አልኩ። «ደንባችን ለአንድ ልጅ አራት ዓመት ይሰጣል። እሷ በሦስት ትጨርሳለች። አራተኛውን ዓመት አትወስድም። ከዚያ ከማትወስደው ላይ ይህን ክረምት ስጧት። ከማንም ልጅ በላይ አልጠየቅሁም፤ እንዲያውም ለእድሩ ይተርፈዋል።»

ሽፈራው የሚባል ማሾ ነጋዴ ከኋላ ሆኖ፣ «ዲግሪውም እንደ ማሾ በአንድ ዝናብ ይደርስ ጀመር እንዴ?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ማሾ እንደምታውቁት በእኛ ቆላ ተዘርቶ ወዲያው የሚደርስ እህል ነው።

«ማሾ ቶሎ በመድረሱ ያፈርክ ጊዜ ቤትህን አፍርሰው» አልኩት። «ቆርቆሮውን ያለበሰው ማሾ ነው።»

አሁንም ሳቁ፤ በዚህኛው እሱም ሳቀ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ የሚሳካ መስሎኝ ነበር።

ልጇ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንዲት እናት ተነሣች። «እትዬ አስካለ፣ አይቀየሙኝ። የእኔ ልጅ ክረምት ሲመጣ ቤቱ ይገባል፤ ሽንኩርት ያርማል፣ ውኃ ይመልሳል። የእርስዎ ልጅ የግል የገባችው ቢኖራት ነው። እኛ ድሆቹ ለባለ ገንዘብ እናዋጣ?»

ይህች ሴት ክፋት አልነበራትም። የተናገረችው የመሰላትን ነው። መለስኩላት።

«የአንቺን ልጅ መንግሥት ያበላዋል፣ ያስተኛዋል። ለትምህርቱም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው የሚከፍለው። የእኔዋ ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ትከፍላለች፣ ቤት ትከራያለች፣ በልታ ታድራለች። እሷም የመንግሥቱን ወድዳ አልተወችም፤ መንገድ ተዘግቶባት ነው። የምትማረው ያንኑ ነው፤ የምትፈተነው ያንኑ ነው። እረፍቷን ሰውታ ነው ቶሎ የምትጨርሰው። ባታርፍ ልትቀጣ ነው?»

ጥቂት ሰዎች እርስ በርሳቸው ማውራት ጀመሩ። «እውነቷን እኮ ነው» ያለ ሰው ሰምቻለሁ። መምህር ጌታሁን ቀና ብሎ ጋሼ ታምሩን አየ። የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁት። አንገቱን መልሶ ደፋ።

ጋሼ ታምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አስካለ፣ ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ፣ ጋሼ ታምሩ።»

«እንግዲያው ስሚ። እድር አስቀድሞ አይከፍልም። አባቶቻችን የሠሩት ሥርዓት ነው። ሰው ሳይሞት ቀብር አንከፍልም። ዓመቱ ሳይደርስ ድጋፍ አንከፍልም። አራተኛው ዓመት ሲደርስ ነይ።»

«አራተኛው ዓመት ሲደርስ ልጅቷ ተመርቃ ታልቃለች።»

«ያኔ አያስፈልጋትማ» አሉ። ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። «እኛ ሁሉን ልጅ እኩል ነው የምናየው። ለአንቺ ልጅ ብለን ደንብ አንሰብርም።»

«ለሰርግ ብላችሁ ግን ድንኳን ነቅላችኋል።»

ብርቄ ነጠላዬን ከሥር ጎተተች። «ተይ፣ አስኩ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ተቀመጪ።»

የጋሼ ታምሩ ፊት ጠቆረ። «አየሽ፣ ነገሩ የልጅቷ አይደለም። አንቺ ሬሳ እየጎተትሽ ነው የምትኖሪው። እዚህ ቤት ያንቺ የሆነ ገንዘብ የለም። የእድር ገንዘብ ያንቺ የሚሆነው ስትሞቺ ነው።»

ያን ጊዜ ምን እንደሆንኩ በትክክል ልነግራችሁ አልችልም። አልጮኽኩም። ሮቢት ወንዝ ደራሽ ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት እንዲሁ ጭር ይላል። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

«እንግዲያው ሞቻለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ሞቻለሁ አልኩ። አስካለ ሞታለች ብላችሁ የቀብሬን ብር ለልጄ ስጡልኝ። ስሞት ድንኳን አትትከሉልኝ። ጥሩምባ አታስነፉልኝ። ሳጥን አትግዙልኝ። ቀብሬን ዛሬ ክፈሉኝና ከእናንተ ጋር እንለያይ።»

ሰው ተንጫጫ። «ኧረ በእመቤታችን» የሚለው ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ። አንድ ሽማግሌ፣ «አስካለ፣ በራስሽ ላይ አታሟርቺ፤ ሰው ያለ እድር ማን ያነሣዋል?» አሉኝ። ብርቄ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። መምህር ጌታሁን በመጨረሻ ተናገረ፤

«እትዬ አስካለ፣ እባክዎ ይቀመጡ። የሚለቅ አባል ምንም እንደማያገኝ ያውቃሉ።»

«እኔ አለቅሁም፤ ሞትኩ ነው ያልኩት። ለሞተ ይከፈላል።»

እዚህ ላይ ጋሼ ታምሩ ቢቆጡ ኖሮ፣ ቢያባርሩኝ ኖሮ፣ ነገሩ በሽምግልና ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። ያችን ፈገግታ እስከዛሬ አልረሳኋትም። ያስቸገረቻቸውን ሴት በራሷ እጅ ጉድጓድ ሲያስቆፍሯት የሚታይ ፈገግታ ነበር።

«መልካም» አሉ። «ሴትየዋ በራሷ አፍ፣ በጉባኤ ፊት ጠይቃለች። ጉባኤው ይፍረድ። የቀብር ክፍያዋ ይሰጣት። ከዛሬ ጀምሮ ለእድሩ ሞታለች፤ ለቅሶ ቢደርስባት አንደርስም፣ ራሷ ብታርፍ አንቀብርም። የሟች አባል ልጅ ድጋፍ እስክትመረቅ አይቋረጥም፤ ለልጅቷም የመስከረሙ ይቀጥልላት። ጭካኔ እንዳይባል። የሚስማማ እጁን ያውጣ።»

አየኋቸው። አንድ በአንድ አየኋቸው። መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት የጋሼ ታምሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱን ጠብቄያለሁ። ቀጥሎ የሚያዝኑልኝ ማውጣት ጀመሩ። ካላወጡ ልጅቷ ብሩን አታገኝም፤ ካወጡ እኔን ይቀብሩኛል። ያቺ «የግል የገባችው ቢኖራት ነው» ያለችኝ እናት ዓይኗን ጨፍና እጇን አወጣች። ሽፈራው አወጣ። መምህር ጌታሁን ብዕሩን እንደያዘ አወጣ። ወደ ጎኔ ዞርኩ። ብርቄ እያለቀሰች እጇን አውጥታለች።

የሚወደኝም የሚጠላኝም ባንድነት ቀበረኝ። ያላወጣ ሰው አልነበረም።

ገንዘቡን እዚያው ሰጡኝ። ለለቅሶ ቤት እንደሚሰጠው በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ነበር የሰጡኝ፤ ገንዘብ ያዡ ሌላ አሰጣጥ ስለማያውቅ ነው። ስቀበለው ከልማድ የተነሣ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎኝ ደነገጠ። «አሜን» አልኩት። ምን ልበለው?

ወደ ቤት ስሄድ ብርቄ ከኋላዬ እየሮጠች መጣች።

«አስኩ፣ ቁሚ። ልጅቷ ትማር ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ለምን ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ?»

«ላይሽ አልቻልኩም፣ ብርቄ። ዛሬ አትምጪብኝ።»

ሰርካለም ለሁለት ቀን መጥታ ስለነበር ግቢው ውስጥ አንሶላ ታሰጣ ነበር። ልደብቃት አስቤ ነበር። ሮቢት ግን ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው በአቋራጭ ቀድሞኝ ገብቷል። አንሶላውን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ቆማ አየችኝ።

«ብሩን መልሺ» አለችኝ።

«ለማን? ለቀባሪዎቼ?»

«እታለም፣ እኔ በቀብርሽ ብር አልማርም። ሰው ምን ይለኛል? አክስቷን በልታ ተማረች አይለኝም?»

«ይልሻል። ተምረሽ ይበልሽ። ሳትማሪ ከሚልሽ ይሻላል።»

«ብትሞቺስ?»

«ዛሬ ሞቻለሁ። አንድ ሰው በሳምንት ሁለቴ አይሞትም።»

አልሳቀችም። እኔም ለሳቅ አልነበረም የተናገርኩት። አንሶላውን መሬት ላይ ጥላ ገባች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልተነጋገርንም። እራት አቀረብኩ፤ አልበላችም። ጠዋት ግን ሻንጣዋ በር ላይ ነበር። ከመናኸሪያው ሚኒባስ ስትሳፈር በመስኮት ብቅ ብላ፣

«የምሄደው አዝዘሽኝ ነው» አለችኝ። «ፈቅጄ እንዳይመስልሽ።»

«አይመስለኝም። ጣርማ በር ላይ ይበርዳል፤ ጋቢሽን ልበሺ።»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደወለች። «ገብቷል። ተመዝግቤያለሁ» ብላ ዘጋችው። ሁለት ቃል ብቻ። ቁጭ ብዬ ስልኩን አየሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስታው የት እንደገባ አላውቅም።

የሆነው ነገር የገባኝ ግን በቀጣዩ ሳምንት ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ደምሴ ይባላል። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም ይጠራል። መጀመሪያ የሚቆመው እኔ በር ላይ ነበር፤ ሻይ ስለማፈላለት። በዚያን ቀን ጥሩምባውን ከሩቅ ሰማሁት። ሻዩን ጣድኩ። ድምፁ እየቀረበ መጣ፤ ብርቄ በር ላይ ነፋ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። የእግሩን ኮቴ ብቻ እሰማለሁ። በሬን አልፎ፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቤት ሲደርስ እንደገና ነፋ።

ወጣሁ። «ደምሴ» አልኩት።

ቆመ። ጥሩምባውን ከኋላው ደበቀ፤ እንደተያዘ ሌባ። «እትዬ አስካለ፣ እዚህ በር ላይ እንዳልነፋ ታዝዣለሁ።»

«ንፋ ያለህ የለም። ሻዩ ፈልቷል።»

«አልችልም። አይተው ይነግሩብኛል።»

ሄደ። ሻዩን ብቻዬን ጠጣሁት። የሞቱት የማውቃቸው አዛውንት ነበሩ፤ ነጠላዬን ለብሼ ከእድርተኛው ተለይቼ ከኋላ ሄድኩ። አፈሩን ሲያለብሱ ማንም አላናገረኝም። ሕይወት ያለው ሰው በሌላ ሰው ቀብር ላይ የራሱን ቀብር ሲያይ ምን እንደሚመስል ያኔ አወቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ረጅም ነው፤ ላሳጥርላችሁ። ወንድሜ ጀውሃ ላይ አረፈ። ድንኳን አልመጣም። በአልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ ባሉት ወንበሮች ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣችው ብርቄ ናት፤ አግዳሚዋን በራሷ ላይ ተሸክማ። ሌሎች አንድ ሁለት እያሉ፣ በጓሮ በር፣ ሰው እንዳያያቸው እየተሳቀቁ ገቡ። ብርቄን ያን ቀን በደንብ አየኋት፤ ይቅር ማለት ይሁን መልመድ እንጃ።

ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። የጋሼ ታምሩ የልጅ ልጅ የመንግሥቱን መግቢያ ውጤት አላመጣም። አዲስ አበባ የግል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ክረምት የሚማርበት፣ ቶሎ የሚያስጨርስ። በቀጣዩ ሰኔ ደንቡ ተሻሻለ፤ በክረምት ለሚማሩም ድጋፉ ይሰጥ ተባለ። ስብሰባው ላይ ጋሼ ታምሩ ምን እንዳሉ ብርቄ ነገረችኝ፤ «ዘመኑ ተለውጧል፤ የሚሮጥን ልጅ እግሩን መያዝ ተገቢ አይደለም።» ተጨበጨበላቸው። እኔን የጠራ የለም። መምህር ጌታሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ኮፍያውን አንሥቶ እጅ ነሳኝ። ያ ኮፍያ ያን እሑድ ቢነሣ ኖሮ እላለሁ።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለሁሉም እኩል መስጠትና በትክክል መስጠት አንድ ናቸው ትላላችሁ? እኔ ከዚያ እሑድ በፊት አንድ ይመስሉኝ ነበር። እድር ለቀብር እኩል ቢከፍል ትክክል ነው፤ ሞት ለሁሉም አንድ ነው። ትምህርት ግን እንደ ሞት አይደለም። አንዱ መንገድ ተከፍቶለት ይሄዳል፣ ሌላዋ ተዘግቶባት ትዞራለች፤ አንዱን መንግሥት ይመግበዋል፣ ሌላዋ የወንበሯን ዋጋ አስቀድማ ትከፍላለች። ለእነዚህ ልጆች የቀብርን ሚዛን አውጥቶ መመዘን ሚዛኑን የያዙት ሰዎች ሞኝነት ነበር ልል ፈልጌ ነበር። የገዛ የልጅ ልጃቸው ሲመጣ ግን ወዲያው ገባቸው። ስለዚህ ሞኝነት አልለውም። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየማኅበራችሁ «ደንብ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ የእሱ ልጅ እስኪመጣ ጠብቁት።

ሰርካለም ትምህርቷን በሦስት ዓመት ጨረሰች። የመውጫ ፈተናውን አለፈች። አሁን እዚሁ ከተማችን ማሾ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች። ሽፈራው እህሉን ሊያስረክብ ሲመጣ ወረፋ ይዞ እሷ ፊት ይቆማል። ምን እንደምትለው ጠይቄያት አላውቅም።

በመጀመሪያው ደመወዟ ያደረገችውን ግን ሳትነግረኝ ነው ያደረገችው። እድሩ ዘንድ ሄዳ አባል ልሁን አለች። መምህር ጌታሁን መዘገባት። የቤተሰብ ስም ሲጠይቃት፣ «እናት፣ አስካለ» አለች።

ጋሼ ታምሩ አጠገቡ ነበሩ። «የእሷ ቀብር ተከፍሏል» አሉ።

«የተከፈለው ለአባሏ አስካለ ነው። ይቺ የአባል እናት ናት።»

«እናትሽ አይደለችም፤ አክስትሽ ናት።»

«ጋሼ ታምሩ፣ ያሳደገችኝ ሌላ እናት የሚያውቁ ከሆነ ይንገሩኝና እሷን ላስመዝግብ።»

«አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊቀበር ነው?»

«የመጀመሪያውን በሕይወት እያለች ነው የቀበራችኋት። እሱን አልቆጥረውም።»

መምህር ጌታሁን ጻፈው። በዚህኛው ጊዜ ጋሼ ታምሩን ቀና ብሎ አላየም ነበር ብላኛለች።

ስትነግረኝ ተቆጣሁ። «ማን አዘዘሽ? እነዚያ ሰዎች እንዲሸከሙኝ አልፈልግም» አልኳት።

«እኔስ ማክሰኞ ለት ፈቅጄ ነበር የተመዘገብኩት?» አለችኝ። «አንቺ አስገድደሽ አስተማርሽኝ። እኔ አስገድጄ አስቀብርሻለሁ።»

ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ።

እንግዲህ አሁን እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ ደምሴ በሬ ላይ ቆሞ ይነፋል። «የሰርካለም ቤት!» ይላል። የእኔን ስም አይጠራም፤ ታዟል። ሻዩን ግን ቆሞ ይጠጣል። ልጅቷ ለሥራ ስለምትቸኩል ለቅሶ የምሄደው እኔ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ቦታ እመርጣለሁ፤ ሁልጊዜ ከጋሼ ታምሩ ፊት ለፊት። አንድ ቀን ከወጣቶቹ አንዱ ለጓደኛው «ሟቿ መጣች» ሲል ሰማሁት። ጋሼ ታምሩም ሰምተዋል። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እኔ አልጣልኩም። ድንኳኑ ሦስት ቀን እስኪሞላው ድረስ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ካስማው ሲነቀል ካየሁ በኋላ ነው ቤቴ የምገባው።